የተከራየነውን ቤት አስቀያሚ ምድጃ ጡቡን ሳንነካ የሸፈንንበት መንገድ

በፈረንጆቹ 2022 መስከረም ወር፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አሁን የምንኖርበትን ታውንሃውስ ልናይ በገባን ዕለት፣ ባለቤቴ ሳሎኑን ከፊት በር እስከ ጓሮው በር በእርምጃ ለክቶ «ሰፊ ነው» ሲል እኔ ዓይኔን ከአንድ ነገር ላይ መንቀል አቅቶኝ ቆሜ ነበር። የሳሎኑን ትልቅ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የያዘ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በጠቆረ ቀይ ጡብ የተገነባ የእሳት ምድጃ፣ እዚህ አገር ሁላችንም ፋየርፕሌስ የምንለው፣ ከነጥቀርሻው ተገትሯል። አፉ ላይ የነሐስ ፍሬም ያለው የመስታወት በር ተገጥሞለታል፤ ነሐሱ አንዱ ጋ ወርቅ ይመስላል፣ ሌላው ጋ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከበሩ በላይ ያለውን ጡብ ደግሞ የድሮ ጭስ ሽቅብ ልሶት ጥቁር ምላስ የመሰለ ምልክት ትቶበታል። ከፊቱ ከወለሉ 12 ኢንች ከፍ ያለ፣ 20 ኢንች ወደ ፊት የወጣ፣ 6 ጫማ የሚረዝም የጡብ እርከን አለ። ልጃችን ያኔ ገና 14 ወሯ ነበርና የእርከኑን ሹል ጠርዝ ሳይ ሆዴ ቦጭ አለ።

ቤቱን ግን ተከራየነው፤ ኪራዩ ለአቅማችን የሚሆን፣ ሠፈሩም ለሥራዬ ቅርብ ነበር። አገር ቤት ምድጃ የማድ ቤት ዕቃ ነው፤ እንግዳ ከሚቀመጥበት ይርቃል፣ ጥቀርሻውንም ባለቤቷ እንጂ ሌላ ሰው አያየውም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ የድሮ ቪላዎች ሳሎን ምድጃ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ያደግሁበት ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር ስላልነበረው፣ በእንግዳ ፊት የተቀመጠ ጥቀርሻ እንደ ግል ነውሬ ይሰማኝ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው የቤቱ ባለቤት ሳይሆኑ በኪራይ ለሚኖሩ ነው፤ ባለቤት የሆነ ሰው ጡቡን ቀለም መቀባትም ማስፈረስም ይችላል፣ ተከራይ ግን የሚሠራውን ሁሉ አንድ ቀን በራሱ እጅ መንቀል እንዳለበት አስቦ መጀመር ይኖርበታል።

አከራያችን ሐበሻ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ምድጃውን ልሸፍነው እንደምፈልግ ስነግራቸው «ቤትሽ ነው ልጄ፣ ደስ እንዳለሽ አድርጊ፤ ብቻ ጡቡን እንዳትበሺብኝ» አሉኝ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን፤ ትልቅ ሰው በቃሉ ፈቅዶ እያለ «በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት ይሉኝታ ያሲዛል። እኔ ግን ቀደም ሲል በነበርንበት አፓርትመንት በቃል ተፈቅዶልን ለሰቀልነው መጋረጃ ስንለቅ ከዲፖዚታችን፣ ማለትም ስንገባ ካስያዝነው ገንዘብ፣ ስለተቆረጠ፣ ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ ማታውኑ እንዲህ የሚል ቴክስት ላክሁላቸው፦ «ጋሼ፣ ዛሬ እንደተነጋገርነው ምድጃውን በሚነሣ የእንጨት መሸፈኛ እሸፍነዋለሁ። ጡቡን አልበሳም፣ ቀለም አልቀባም፤ ስንለቅ እንደነበረ እመልሰዋለሁ። ካልተስማሙበት ይንገሩኝ።» እሳቸውም «እሺ፣ መልካም» ብለው መለሱ። ይህ አንድ መስመር መልስ ፎቶ ተነሥቶ ከኪራይ ውሉ ጋር ተቀምጧል፤ እሳቸውንም ቅር አላሰኘም።

ከዚያው ጋር ዕቃ ከማስገባታችን በፊት ምድጃውን ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አነሣሁት፤ የተፈረፈረውን የጡብ ማያያዣ፣ የተሰነጠቀውን የእርከኑን ጥግ፣ የነሐሱን ዝገት ሁሉ ሜትር አስጠግቼ ቀረጽኩ። በሜሪላንድ ሕግ ተከራይ ከገባ በ15 ቀን ውስጥ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ መላኩ በፖስታ ቤት በሚመዘገብ ደብዳቤ፣ ከጠየቀ፣ አከራዩ ቤቱን በተከራዩ ፊት አይቶ ቀድሞ የነበረውን ጉዳት እንዲመዘግብ የማድረግ መብት አለው፤ ሲለቅም ዲፖዚቱ በ45 ቀን ውስጥ ሊመለስለት፣ ከተቆረጠም ምክንያቱ በዝርዝር ሊጻፍለት ይገባል። የኛ ዲፖዚት የሁለት ወር ኪራይ ነበር፤ ከጥቅምት 2024 ወዲህ በሚፈረሙ ውሎች ግን በአብዛኛው ከአንድ ወር እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ሌላ ስቴት የምትኖሩ የየስቴታችሁን ደንብ እዩ።

አሁን ወደ ምድጃው ልግባ። መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት ከመልኩ መጀመሬ ነው። መልክ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ ምድጃው በምን እንደሚነድ፣ ነፋስ ከየት እንደሚገባበትና ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ነው። የኛው በማገዶ የሚነድ ነው፤ ውላችንም እሳት ማንደድ ይከለክላል፣ ስለዚህ አፉን መድፈን አደጋ የለውም። በጋዝ የሚሠራ ምድጃ ያላችሁ ግን ውስጡ ሁልጊዜ የምትበራ ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ልትኖር ስለምትችል፣ ጋዙ ከምንጩ መዘጋቱን በአከራዩ ወይም በባለሙያ ሳታረጋግጡ እንጨትም ጨርቅም ከፊቱ እንዳታቆሙ አደራ እላለሁ። በአሮጌ የጋዝ ምድጃ ውስጥ ፍም እንዲመስል የተነሰነሰ ግራጫ ብናኝ ካለም እጃችሁን አትክተቱ፤ የዚህ ዓይነቱ ማስመሰያ አስቤስቶስ ይኖርበት ስለነበር አሜሪካ ውስጥ በ1977 ታግዷል፣ በድሮ ቤቶች ግን የቀረ ሊኖር ይችላል።

ቤታችን በ1974 የተሠራ ነው። እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም አሜሪካ ውስጥ የተከለከለው በ1978 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት የሚከራይ ሰው ውል ሲፈርም ስለ እርሳስ የሚያስጠነቅቅ ትንሽ መጽሔት ይሰጠዋል። እኔም ተሰጥቶኝ ሳላነብ መሳቢያ ውስጥ ጥዬው ነበር። ከምድጃው በላይ ያለውን የእንጨት መደርደሪያ አሮጌ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ልፍቀው ስነሣ ባለቤቴ ያንን መጽሔት ይዞ መጣ። ብናኙ በተለይ ለሕፃን አእምሮ ጎጂ ነው፤ እየዳኸች ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትወስድ ልጅ ባለችበት ሳሎን አሮጌ ቀለም መፋቅ ምን ማለት እንደሆነ ሳስበው እስካሁን ያሳቅቀኛል። የብርጭቆ ወረቀቱን መለስኩት፤ መደርደሪያው ዛሬም በአሮጌ ቀለሙ ነው ያለው፣ ላዩ ላይ ረጅም የጥጥ ምንጣፍ አንጥፌበታለሁ።

ጥቀርሻውን ያጸዳሁት በሁለት ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ የጡቡን ማያያዣ አፈራረስኩት፤ የተፈረፈረው እንደ አሸዋ እርከኑ ላይ ሲወርድ አይቼ አቆምኩ። በሁለተኛው ቅዳሜ መጀመሪያ ጡቡን በንጹሕ ውሃ አራስኩት፤ ጡብ ውሃ ስለሚመጥ ቀድሞ ካልራሰ የሳሙናውን ቆሻሻ ወደ ውስጡ ይስበዋል። ከዚያ የዕቃ ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ ለውሼ እንደ ሊጥ ቀባሁበትና 15 ደቂቃ ያህል ቆይቼ በጠንካራ የናይለን ብሩሽ ፈተግኩት። ጥቁሩ ምላስ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ደብዝዞ ግራጫ ሆነ። ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያስለቅቅ አሲድ ነውና ተከራይ አሲድ በሰው ጡብ ላይ አያፈስም።

ነፋሱን ያወቅነው ኅዳር ሲገባ ነው። ምድጃው አጠገብ ሲቀመጡ ቁርጭምጭሚትን የሚነካ ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል። ዳምፐር የሚባለው፣ የጭስ መውጫውን ከላይ የሚከድነው ብረት፣ መዘጋቱን ለማየት ባለቤቴ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ በእጅ ባትሪ ወደ ላይ አየ፤ ተዘግቷል፣ ነገር ግን አርጅቶ ስለጠመመ በጠርዙ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። መፍትሔው እንደ ኳስ በአየር ተነፍቶ ከዳምፐሩ ሥር የሚወተፍ የጭስ ማውጫ መድፈኛ ነው፤ የምድጃውን አንገት ስፋት ለክቶ መግዛት እንጂ ሌላ ጥበብ አይጠይቅም። ከሥሩ ቀይ ሪባን አስረን ወደ ታች እንዲንጠለጠል አድርገናል፤ ወደ ፊት ሳያውቅ እሳት ሊያነድ የሚነሣ ሰው ሪባኑን አይቶ እንዲያቆም ነው። ይህን ሳታደርጉ ፊቱን ብቻ የሸፈናችሁ እንደሆነ፣ መሸፈኛው ያምራል፣ ቤቱ ይበርዳል፤ በበጋ ደግሞ እርጥበት ሲበዛ የአሮጌው ጭስ ሽታ እየወረደ ሳሎኑን ሁሉ የተቃጠለ ድስት ድስት ያሸተዋል። እጣን ብናጤስም አላሸነፈውም ነበር።

ወደ መሸፈኑ ስንመጣ የመጀመሪያው ሙከራዬ ርካሽና አሳፋሪ ነበር። ከዶላር መደብር 20 በ30 ኢንች የሆኑ የፎም ሰሌዳዎች ገዝቼ፣ አጋጥሜ በፕላስተር አያይዤ፣ ነጭ አድርጌ፣ ግድግዳ በማይጎዳው ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ጡቡ ላይ ለጠፍኩት። ማጣበቂያው የተሠራው ለልስልስ ግድግዳ ነው፤ ሻካራ ጡብ አይዝም። በሁለተኛው ሌሊት ከባድ ድምፅ ሰምተን ወርደን ብናይ ሰሌዳው መሬት ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፣ የልጄም መጫወቻ ከሥሩ ነበር። ቀን ቢሆን ከሥሩ ማን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም። ከዚህ በኋላ ማንኛውም መሸፈኛ በራሱ እግር የሚቆም እንጂ የሚለጠፍ እንዳይሆን ወሰንን። ስቲከር ታይልም ብዙ ሰው ይመክራል፤ በጡብ ላይ የፎሙ ዕጣ ነው የሚገጥመው። ጡቡን ቀለም መቀባት ደግሞ፣ አከራያችሁ ፈቅደው እንኳ ቢሆን፣ የማይመለስ ሥራ ነው፤ ቀለሙ ወደ ጡቡ ቀዳዳ ስለሚገባ አንዴ ከተቀባ ወዲያ ጡብ ሆኖ አይመለስም።

የጸናው ሥራ ጀርባ የሌለው ሳጥን ነው። እንዲህ አስቡት፦ ከፊት አንድ ወጥ ፕላይውድ፣ አገር ቤት ኮምፔንሳቶ የምንለው፣ ከሁለቱ ጎኖችና ከላይ ደግሞ ጠባብ ጣውላ፤ ይህን እርከኑ ላይ አቁሞ ወደ ጡቡ ማስጠጋት ነው። የመስታወቱ በር ከነነሐሱ ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል፣ ማንም አይነካውም። የነሐሱ ፍሬም በውጭ በኩል 42 በ31 ኢንች ስለነበር ፊቱን 46 በ34 አድርገን ግማሽ ኢንች ውፍረት ካለው ፕላይውድ አስቆረጥን። ሩብ ኢንቹ ይቀልላል፣ ይረክሳልም፣ ነገር ግን ክረምት ላይ ማሞቂያው ሲያደርቀው እንደ ቁርበት ይቆለመማል። ፕላይውዱ የሚሸጠው 4 በ8 ጫማ ሆኖ ነው፤ ትልልቆቹ የሕንፃ ዕቃ መደብሮች በማሽን ቆርጠው ይሰጣሉና መጋዝ የሌለው ሰው አይጨነቅ። ልኩን ግን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ስፋቱንም ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ሦስት ቦታ ለኩ፣ የድሮ ግንብ ቀጥ ያለ ይምሰል እንጂ አይደለም። የኛ ከላይና ከታች ግማሽ ኢንች ይለያያል።

ለጎኖቹ የገዛነው ጣውላ ታሪክ አለው። የመስታወቱ በር እጀታ ከጡቡ 3 ኢንች ከሦስት ሩብ ወደ ፊት ይወጣል፤ እኔም 4 ኢንች ስፋት ያለው ጣውላ ቢሆን ሩብ ኢንች ይተርፈናል ብዬ «አንድ በአራት» የተባለውን ጣውላ ገዛሁ። ቤት አምጥተን ብሎኑን አጥብቀን፣ ኮላውን ቀብተን፣ ሳጥኑን አንሥተን እርከኑ ላይ ብናስጠጋው፣ ከጡቡ ጋር አልገናኝ ብሎ እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ባለቤቴ ሜትሩን አምጥቶ ጣውላውን ሲለካው 3 ኢንች ተኩል ነው። አሜሪካ ውስጥ የጣውላ ስም ሳይላግና ሳይደርቅ የነበረው ልክ ነው፤ «አንድ በአራት» ሲባል ትክክለኛው መጠን ሦስት ሩብ ኢንች በ3 ተኩል፣ «አንድ በስድስት» ደግሞ ሦስት ሩብ በ5 ተኩል ነው። አናጢ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ እኔ ግን ኮላው ከደረቀ በኋላ ነው ያወቅሁት። ፈታትተን «አንድ በስድስቱን» ገዝተን እንደገና ሠራነው፤ የመጀመሪያው ጣውላ የጫማ መደርደሪያ ሆኗል።

ሳጥኑ እንዳይወድቅ ያደረግነውን በተለይ ሕፃን ያላቸው ልብ ይበሉልኝ። ወደ ኋላ መውደቅ አይችልም፣ ጡቡ አለ፤ የሚያሰጋው ልጅ ከላይ ይዞ ወደ ራሱ ሲጎትተው ነው። በሳጥኑ ግርጌ፣ በስተጀርባ በኩል፣ ከጎን እስከ ጎን አንድ ጣውላ አግድም ገጠምንና በላዩ እያንዳንዳቸው 10 ፓውንድ የሆኑ ሁለት የአሸዋ ከረጢቶች አስቀመጥን። ከዚያ ባለቤቴ በልጅ ቁመት ተንበርክኮ ደጋግሞ ጎተተው፤ አልነቃነቅ አለ። ጡቡንና እርከኑን በሚነኩት ጠርዞች ሁሉ ከወንበር እግር ሥር የሚለጠፈውን ወፍራም ጨርቅ ለጥፈንበታል።

ስለ ቀለሙ ከባለቤቴ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እኔ ጥቁር አረንጓዴ አምሮኝ ቀባሁት፤ በጣም የሚያምር ነበር፣ ችግሩ ግን ወደ ሳሎኑ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ሆነ፣ አይቶም «ከኋላው ምን አለ?» ይላል። መሸፈኛ ካስጠየቀ አልሸፈነም። በመጨረሻ ሳጥኑን ጡብ ከሌለበት ግድግዳ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ቀባነው። ጋሼ ቤዝመንት ውስጥ ከግድግዳው የተረፈ የቀለም ጣሳ ስላስቀመጡ ክዳኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሥቼ መደብር ወሰድኩት፤ ጣሳ ያልተረፈላችሁ ከመብራት ማብሪያው ክዳን ሥር፣ ከማይታየው ቦታ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ቅርፊት ብትወስዱ መደብሩ በማሽን አይቶ ያመሳስለዋል። ሐበሻ እንግዶቼ «ጥልፍ አልብሺው፣ ጥበብ ጣል አድርጊበት» ይሉኛል፤ እኔ ያልታየ ነገር ነው የምፈልገው፣ ይቅርብኝ።

አፉ ተሸፈነ፤ እርከኑ ግን ቀረ። ስድስት ጫማ ሙሉ ጥቁር ቀይ ጡብ፣ ያውም ሹል ጠርዝ ያለው። ዳር ዳሩን የሕፃን መከላከያ ስፖንጅ ለጠፍንበት፣ በሦስት ቀን ልጄ ራሷ ነቅላ በላችው ማለት ይቻላል። የአበባ ማሰሮ ደረደርኩበት፣ ተደፋ። በላዩ ሌላ ሳጥን ለመሥራት ወረቀት ላይ እየሣልኩ ሳለ እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። በማግስቱ ጠዋት ከመኝታ ቤት ወርጄ ባይ፣ እማዬ ጋቢዋን አራት አጥፋ እርከኑ ላይ አንጥፋ፣ ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጥታ፣ ተመቻችታ ተቀምጣ ዳዊቷን ታነባለች። «እማዬ፣ እሱ እኮ መቀመጫ አይደለም፣ የፋየርፕሌሱ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አይታኝ «ምኑ ነው ያልሽው? መደብ ነው እንጂ። ጡብ ሆነ ጭቃ ሆነ፣ መደብ መደብ ነው» አለችኝና ወደ ንባቧ ተመለሰች።

ሁለት ወር ስሸሽገው የኖርኩትን ነገር ለካ ማልበስ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሳጥኑ ከነፕላይውዱ ከ20 ኢንቹ 6ቱን ስለወሰደ ለመቀመጫ 14 ኢንች ያህል ይተርፋል፤ ለረጅም ሰው ይጠብባል፣ ለቡና ግን ይበቃል። 3 ኢንች ውፍረት ያለው ስፖንጅ ገዝተን እማዬ በእጇ ልብስ ሰፋችለት፤ ከፊት ለፊት በኩል ጨርቁን እስከ ወለሉ አወረደችው፣ ጡቡም ሹል ጠርዙም አብረው ጠፉ። ልብሱን ሰፊ ኪስ አድርጋ ስለሠራችው ወልቆ ይታጠባል፤ እንዳይንሸራተትም ከሥሩ የምንጣፍ መያዣ ላስቲክ አንጥፈናል። ጨርቁ አገር ቤት ለሶፋ የሚገዛው ወፍራም ጥጥ ነው፣ ከሻንጣዋ ነው ያወጣችው፤ ለምን እንዳመጣችው እሷም አታውቅም።

ከመደቡ ፊት ለፊት ረከቦቱን አስቀመጥንና ያ ጥግ የቡና ቦታ ሆነ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንድ እሑድ ቡና ልናፈላ ስንል አንድ እንግዳችን «ምድጃ እያላችሁ ኤሌክትሪክ ምን ያደርጋል? መሸፈኛውን አንሡትና ከሰሉን እዚያ ውስጥ እናቀጣጥል፣ ጭሱ በላይ ይወጣል» አሉ። እንኳን የተወተፈ፣ የተከፈተም ጭስ ማውጫ ለዚህ አያስተማምንም፤ ከሰል ጭስ ሳይታይበት ሽታም ሳይኖረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥም ሰው ይገድላል። አገር ቤት ከሰል በደጅ ወይም በሩ ተከፍቶ የሚቀጣጠለው በከንቱ አይደለም። ጀበናችን የሚጣደው በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ እጣኑም በኤሌክትሪክ ማጤሻ ነው። እንግዳውም ሦስተኛውን ሲኒ ጠጥተው ነው የሄዱት።

በ2023 ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሳጥኑ ኋላ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ጉርርር ይላል፣ ቀጥሎ ብዙ ጫጩቶች የሚንጫጩ ይመስላል። እማዬ ውዳሴ ማርያም ደገመችበት፤ ባለቤቴ አይጥ ነው ብሎ ወጥመድ ሊገዛ ተነሣ። የሆነው ግን የጭስ ማውጫ ወፍ ነው፦ በጸደይ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ የሚመጣ፣ በጭስ ማውጫ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በምራቁ ጭራሮ እያጣበቀ ጎጆ የሚሠራ ትንሽ ጥቁር ወፍ። በ1918 በወጣው የተጓዥ ወፎች ሕግ ስለሚጠበቅ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ማውረድ ወንጀል ነው። የኛ መወተፊያ ከዳምፐሩ ሥር ስለነበር ወፎቹ ወደ ቤት የሚገቡበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ድምፃቸውን ግን ፕላይውዱ ራሱ እንደ ከበሮ አጎላው። ከፕላይውዱ ጀርባ አሮጌ ብርድ ልብስ በስቴፕለር ብንመታበት ድምፁ በግማሽ ቀነሰ፣ ጫጩቶቹም ነሐሴ ላይ በረሩ። ለጋሼ ደውዬ ስነግራቸው በጥቅምት ሰው አምጥተው ጭስ ማውጫው አናት ላይ የወንፊት ክዳን አስገጠሙ፤ ይህ የአከራይ ሥራ ነው፣ ተከራይ ጣሪያ ላይ አይወጣም።

ወጪውን የሚጠይቁኝ ስላሉ፦ ፕላይውዱ፣ ሁለት ጊዜ የተገዛው ጣውላ፣ ብሎን፣ ሁለት ጊዜ የተቀባው ቀለም፣ አሸዋው፣ መወተፊያውና ስፖንጁ ተደምረው 210 ዶላር ገደማ ደርሰዋል። ስሕተቶቼን ብትቀንሱ ከ150 አይበልጥም። ጊዜው ግን ከምትገምቱት ይረዝማል፤ እኛ ከመስከረም እስከ ጥር ፈጅቶብናል፣ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ሐሳብ የመለወጥ ጊዜ ነው።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ ሳጥኑን እናነሣዋለን። አሸዋውን አውጥተን ሁለታችን በሁለት ጎን ይዘን ሶፋው ላይ እናስተኛዋለን፣ የመወተፊያውን አየር እንፈትሻለን፣ ከላይ የረገፈ የጡብ ፍርፋሪ ካለ እንጠርጋለን፣ ነሐሱንና ጡቡን ደግሞ ቀኑ የሚታይበት ፎቶ እናነሣለን። ሁሉም አርባ ደቂቃ አይፈጅም። ባለፈው መጋቢት ልጃችን፣ አሁን ምላሷ የተፈታ፣ ሳጥኑ ሲነሣ መጀመሪያ ጊዜ በትክክል አይታው «ከመደቡ ኋላ ዋሻ አለ!» ብላ ጮኸች፤ መልሰን እስክንሸፍነውም ድረስ ከፊቱ አልነሣም አለች።